ወያላ ያባረረች ከተማ

እንግሊዞችም ወያላ ነበራቸው። ጠላት አልወሰደባቸውም፤ ራሳቸው ናቸው ያሰናበቱት። ቀኑም ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 2005፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 30 ቀን 1998 ዓ.ም.። በዚያ ዕለት እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ለንደንን ስታመላልስ የኖረችው ቀይ ባለፎቅ አውቶቡስ፣ «ሩትማስተር» የሚሏት፣ በ159 ቁጥር መስመር ላይ የመጨረሻ መደበኛ ጉዞዋን አደረገች። ከኋላዋ በር አልነበራትም፤ ሰው እየሮጠ ይንጠለጠልባታል፣ መብራት ሲይዛት ዘሎ ይወርዳል። እዚያው ከኋላ ደግሞ ሒሳብ የሚሰበስብ፣ ትኬት የሚቆርጥ፣ ገመድ ስቦ ለሹፌሩ ደወል የሚያሰማ ሰው ነበራት። አንዴ ከደወለ ቁም ነው፤ ሁለቴ ከደወለ ሂድ።

ይህን የሰማሁ ዕለት ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በወልድያና በሙጃ መካከል ስንመላለስ ረዳታችን የመኪናውን ጎን በመዳፉ አንዴ ሲመታ ይቆማል፤ ሁለቴ ሲመታ ይነዳል። አዲስ አበቤ ወያላ የሚለውን እኛ በአክብሮት ረዳት ነው የምንለው። በመካከላችን ስንት ባሕርና በረሃ እያለ፣ እነሱ በደወል እኛ በጥፊ፣ ሳንመካከር አንድ ሕግ አውጥተናል ማለት ነው። ልዩነቱ እነሱ ሰውየውን አሰናብተው አውቶቡሷን ሙዚየም አስገቡ፤ የእኛው ዛሬም በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ነው።

ከለንደን አገር ቤት ስደውል «እዚያ አገር ምን የጎደለ ነገር አለ?» ይሉኛል። ውሃው አይጠፋ፣ መብራቱ አይጠፋ፣ መንገዱ አስፋልት። እኔ ግን መልሱ አፌ ላይ ነው። ወያላ ነው የጎደለው።

ሙጃን ለማታውቁ፣ ሰሜን ወሎ ውስጥ የግዳን ወረዳ ከተማ ናት። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ብርዱን ቁልቁል የሚለቅባት፣ ገብስና በግ የሚስማማት፣ ሐምሌ ላይ ጋቢ በጋቢ ተደርቦ የሚዋልባት ደጋ። የዚያ አገር ልጅ ለንደን ገብቶ ስለ ግፊያ ሲያማርር መስማት አንዳንዱን ያስቀዋል። «እናንተ አገር መኪናውም አንድ ለእናቱ ነው፤ ስለ መጨናነቅ ምን ታውቁና?» ያለኝ አዲስ አበቤ አለ። ተሳስቷል። መኪናው አንድ ስለሆነ ነው ግፊያውን ጠንቅቀን የምናውቀው።

መሬት ውስጥ መሄድም ቢሆን ለላስታ ሰው ብርቅ አይደለም። የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን 1863 ከፓዲንግተን እስከ ፋሪንግደን ለሕዝብ ተከፈተ፤ በዓለም የመጀመሪያው ነው ብለው ይኮራሉ። ይኩሩ። እኛ ላሊበላ ላይ ዐለት ፈልፍለን፣ ከቤተ መቅደስ ወደ ቤተ መቅደስ በጨለማ ዋሻ መሸጋገር ከጀመርን ያኔ ከ600 ዓመት በላይ ሆኖን ነበር። በዋሻው ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል፤ ድቅድቅ ነው፣ የራስህን እጅ አታይም። ለገና ሕዝበ ክርስቲያኑ ሲግተለተል ደግሞ ፊት የሚሄደው ሰው ሳይሾሙት ረዳት ይሆናል። «እዚህ ጋ ደረጃ አለ!» ይላል፤ ከኋላው ያለው ተቀብሎ «ደረጃ አለ!» ይላል፤ እንዲህ እየተባባለ ቃሉ እስከ መጨረሻው ሰው ይደርሳል። «ራስህን ዝቅ! ዝቅ በይ እናቴ!» ማንም ግንባሩን አይገጭም። የገጨም ቢኖር ሳይሰማ የቀረ ነው።

ለንደን ሥራዬ ቢሮ ማጽዳት ነው። የባንክና የጠበቃ ቢሮ ባለቤቶቹ ሳይገቡ መጽዳት አለበትና፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ ፌርማታ ላይ ቆሜ እገኛለሁ። በዚያ ሰዓት ከተማው ባዶ ይመስላችሁ ይሆናል። የዚያን ሰዓት አውቶቡስ ያላየ ለንደንን አላየም። ከጋና፣ ከናይጄሪያ፣ ከኮሎምቢያ፣ ከኤርትራ፣ ከእኛም አገር በመጣ ሰው ጢም ብሎ ነው የሚመጣው። ጠራጊው፣ ጥበቃው፣ ወጥ ቤቱ ሁሉ እዚያ ነው። ይህ ሰው በየአገሩ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ስለ እህል ዋጋ ተከራክሮ፣ ተሳስቆ፣ ዘመድ ቆጥሮ ጨርሶ ነበር። አውቶቡሱ ላይ ሲወጣ ግን ሁሉም እንግሊዝ ይሆናል፤ ዓይኑን ስልኩ ላይ ይተክላል፣ አፉን ይዘጋል።

መጨናነቁን አልጠላሁትም። የጠላሁት አጨናነቁን ነው። ሰዉ በሩ አጠገብ ተቆላልፎ ይቆማል፤ እውስጥ ግን፣ ከደረጃው ወዲያ፣ አንድ በሬ የሚያስተኛ ባዶ ቦታ አለ። ማንም ወደዚያ አይሄድም። ሹፌሩ መስታወት ውስጥ ተዘግቷል። የተቀዳች የሴት ድምፅ አለች፤ በጣም ጨዋ ናት፤ «እባክዎን ወደ ውስጥ ይግቡ» ትላለች። ማንም አይንቀሳቀስም። ትደግማለች። ማንም አይንቀሳቀስም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ድምፅ እንጂ ዓይን የላትም። ለሁሉም ተናገረች ማለት ለማንም አልተናገረችም ማለት ነው፤ እያንዳንዱ ተሳፋሪ ‹ሌላውን ነው› ብሎ ይቆማል።

ረዳት ቢኖር እኮ «አንተ ባለ ቀይ ሹራብ!» ብሎ ነው የሚጀምረው።

ወልድያ መናኸሪያ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት። ቅጥቅጡ ሞተሩን አሙቆ ያጉረመርማል። ረዳቱ ሃያ ዓመት የሞላው አይመስለኝም፤ አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሟል፤ ብሩን ቁመቱን እያጠፈ በጣቶቹ መሐል በየዓይነቱ ሰክቶታል፤ አሥሩን በአንዱ፣ ሃምሳውን በሌላው፣ መቶውን በሌላው። በሌላ እጁ ሰው ያስገባል።

«እማማ፣ እርስዎ ወደ መስኮቱ። አያ፣ ዱላዎን ይስጡኝ ከላይ አደርገዋለሁ። አንተ! ተማሪ ነህ አይደል? ተነሥና በርጩማዋ ላይ ሁን፤ እማማ አራስ ጥየቃ ነው የሚሄዱት።»

አራስ ጥየቃ እንደሚሄዱ በምን አወቀ? በቅቤው ሽታ ነው። ጆንያ ውስጥ ያለው ቅል ሸትቶታል። እማማም «በምን አወቅህ ልጄ?» ብለው ገረማቸውና ቅል እንደታቀፉ፣ ልጃቸው ወንድ መውለዷን፣ ምጡ ሦስት ቀን እንደፈጀባት፣ አማቻቸው ለወጉም ያህል እንዳልደወለላቸው ለመኪናው ሁሉ ተረኩልን። ገና ከመናኸሪያው ሳንወጣ ነው ይህ ሁሉ።

«ኧረ ሞልቷል ልጄ!» አሉ አያ።

«አልሞላም አያ። ትንፋሻችሁን ብቻ ሰብሰብ አድርጉ።»

ለሦስት በተሠራው ወንበር አራት ሆነናል። ከደጅ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ፣ ሌላ ልጅ በእጇ ይዛ መጣች። ረዳቱ በእጅ የተያዘችውን ልጅ በሰው አናት ላይ አሳልፎ እኔ ጭን ላይ አስቀመጣት። «ያዝልኝማ ወንድሜ» አለኝ። እሺ አላልኩም፣ እምቢም አላልኩም፤ አልተጠየቅኩማ። ልጅቷ ሙጃ እስክንገባ እንቅልፏን ለጥጣ ምራቋ ሱሪዬን አራሰው። እናትዬዋ ስትወርድ «የወለድከውን ይባርክልህ» አለችኝ። ያኔ ላጤ ነበርኩ፤ ቢሆንም አሜን አልኩ።

ፖርቶ መጋላው ላይ ደግሞ በጎች ነበሩ። መስኮት አጠገብ መቀመጥ ክብር ነው፤ በግ ከላይ ካለ ግን ክብሩ ከነሽታው ነው የሚወርደው። እማማ መስኮቱን ዝጉልኝ ሲሉ ምክንያቱን ያልገባው አንድ እንግዳ ብቻ ነበር። ቆየት ብሎ ገባው።

መንገድ ላይ ከፊት የሚመጣ ሹፌር መብራቱን ብልጭ አደረገ። «ትራፊክ አለ፣ ዝቅ በሉ!» አለ ረዳቱ። ትርፍ የሆነው ሁሉ፣ በርጩማ ላይ ያለው፣ ጀሪካን ላይ ያለው፣ የቆመው፣ አንድ ላይ ወለሉ ላይ ተደፋ፤ የስቅለት ስግደት ነበር የሚመስለው። አያ ትርፍ አልነበሩም፤ ወንበር ይዘዋል። ቢሆንም ከሰው ላለመለየት ብለው እሳቸውም አጎነበሱ።

ይህን ስላወራሁ ትርፍ መጫንን እንዳወደስኩ እንዳይቆጠርብኝ። በዚያ ጠመዝማዛ ገደል ላይ ትርፍ ሰው ማለት የብዙ ቤት ድንኳን ማለት ነው። የስንቱ አጥንት እዚያ ሸለቆ ውስጥ እንደቀረ የአገሬው ሰው ያውቀዋል። ለገና ወደ ላሊበላ የሚወጣውን ምዕመን ታሪፉን እጥፍ የሚያስከፍለውን፣ «ዝርዝር የለኝም፣ ስንደርስ እሰጥሃለሁ» ብሎ ስንደርስ የሚሰወረውንም አልከላከልለትም። ይሄ ወንጀሉ ነው። እኔ የምለው ስለ ሙያው ነው። ሰው ከሰው ጋር አገጣጥሞ ማስቀመጥ ሙያ ነው፤ የለንደን ሰው ይህን ሙያ አቃልሎ ጣለውና እስከ ዛሬ ምትኩን ሲፈልግ ይኖራል።

እንዴት እንደሚፈልግ ልንገራችሁ። ወያላው በተሰናበተበት ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ግድም፣ የለንደን ትራንስፖርት ለነፍሰ ጡሮች አንድ ክብ ነጭ ባጅ ማደል ጀመረ። ‹ልጅ ይዣለሁ› ዓይነት ነገር ተጽፎበታል። ነፍሰ ጡሯ ደረቷ ላይ ትለጥፈዋለች፤ ያየ ሰው ይነሣላታል ተብሎ ይታሰባል። በ2017 ደግሞ ሕመማቸው ከላይ ለማይታይ ሰዎች ‹እባክዎ ቦታ ይልቀቁልኝ› የሚል ሰማያዊ ባጅ ጨመሩ። ሐሳቡ ደግ ነው፣ አላማሁትም። ነገር ግን ያቺ ነፍሰ ጡር ባጇን ለጥፋ ስትቆም ለተቀመጠው ሰው ሁሉ በዚያች ቅጽበት ስልኩ ላይ እጅግ አስፈላጊ መልእክት ይመጣለታል። ከጎኔ የነበረ ጎልማሳ ዓይኑን ጨፍኖ ማንኮራፋት ሲጀምር አይቻለሁ፤ ከደቂቃ በፊት ሳንድዊች እየበላ ነበር። የእኛው ልጅ ቢሆን «ነፍሰ ጡር ናት፣ ልቀቅላት! አንተን ነው!» ይላል፤ ባጅ የሚባል ነገር አያስፈልግም። የሚያንኮራፋ ካለም ትከሻውን ይዞ ይቀሰቅሰዋል።

ከሁሉ የገረመኝ የ2016ቱ ነው። አንድ አሜሪካዊ የለንደን ባቡር ዝምታ ቢያስጨንቀው ‹እንጨዋወት?› የሚል ባጅ አሠርቶ በየጣቢያው አደለ። ሰዉ ተቆጣ! ጋዜጣው ሁሉ ጻፈበት። ‹አታናግሩኝ› የሚል የራሳቸውን ባጅ የሠሩም ነበሩ። ግብር የጨመሩባቸው ያህል ነው የተንጫጩት። እማማን ይዤ ሄጄ በዚያ ባቡር ባስቀምጣቸው ብዬ ተመኘሁ። ባጅ ሳይለጥፉ የአማቻቸውን ጉድ ከፓዲንግተን እስከ ፋሪንግደን ያስጨርሷቸው ነበር።

ስለ ሙቀቱ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሴንትራል የሚባለው መስመር ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከ30 ዲግሪ ያልፋል። ሙጃ ጋቢ በሚደረብበት ወር እኔ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ በሰው ብብት ሥር ቆሜ ላቤ ጫማዬ ውስጥ ይንቆረቆራል። ታዲያ አንድ ቀን ስለ አውሮፓ የእንስሳት ሕግ ሰማሁ። ቁጥር 1/2005 የተባለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ረጅም መንገድ የሚጓዙ በጎችና ከብቶች የሚጫኑበት መኪና ሙቀቱ ከ5 እስከ 30 ዲግሪ ሆኖ እንዲጠበቅ ያዛል፤ ትንሽ ከፍና ዝቅ ቢል ብቻ ይታለፋል። የሙጃ በጎች ፖርቶ መጋላ ላይ ሆነው የአቡነ ዮሴፍን ነፋስ እየጠጡ መሄዳቸው ትዝ አለኝ። የአውሮፓዎቹ ከእኔም፣ ከእንግሊዙ ባለ ክራቫት ሰውዬም የተሻለ ሕግ አላቸው፤ የሙጃዎቹ ደግሞ የተሻለ አየር።

ጃፓኖች ይሻላሉ ልበል? ቶኪዮ ውስጥ ሺንጁኩ የሚባለው ጣቢያ በዓለም ሰው የሚበዛበት ነው፤ በቀን ከሦስት ሚሊዮን በላይ መንገደኛ ያልፍበታል ይባላል። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ነጭ ጓንት አድርገው ሰውን በጀርባው ገፍተው ባቡር ውስጥ የሚያስገቡ ሠራተኞች ቀጥረዋል። መጀመሪያ የቀጠሯቸውም በትርፍ ሰዓታቸው የሚሠሩ ተማሪዎችን ነው። ይህ በሙያው ወንድማችን ነው። ጓንቱ ያምራል። ነገር ግን ገፍቶ ያስገባል እንጂ አብሮ አይገባም፤ በሩ ሲዘጋ እሱ እደጅ ይቀራል። እማማ መስኮት ይፈልጉ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ወደ ለንደን ልመለስና፣ የምሳፈርበት አውቶቡስ በብሪቲሽ ሙዚየም አጠገብ ያልፋል። እዚያ ሕንፃ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱ ታቦታት አሉ። ለጎብኚ አይታዩም፤ የሙዚየሙ ሰዎች ራሳቸው አያዩአቸውም፤ ተከድነው ተቀምጠዋል። ወሎዬ ሆኜ፣ መቅደላም የወሎ ሆና፣ ሳላማትብ ላልፍ አልችልም። ችግሩ እጄ ነው። በዚያ ግፊያ ቀኝ እጄ ከላይ ብረቱን ይዟል፣ ግራዬ ቦርሳ ሥር ተቀብሯል። ቀኙን ከብረቱ ላይ ሳላቅቅ የአንዲት ሴትዮ ባርኔጣ ነካሁ፤ «ሶሪ» አልኩ። ግንባሬ ጋ ሳደርስ የአንድ ወጣት ማዳመጫ ገመድ ጣቴ ላይ ተጠመጠመ፤ «ሶሪ» አልኩ። ወደ ግራ ትከሻዬ ሳልፍ አውቶቡሱ ፍሬን ያዘና የሰውየውን መነጽር አወረድኩት። በስመ አብ ብዬ የጀመርኩት በሦስት ‹ሶሪ› ተፈጸመ። መነጽሩን አንሥቼ ስሰጠው ሰውየው «ደህና ነህ?» አለኝ፤ የሚጥል በሽታ መስሎት።

ታቦቱን ሲያስታውሱ ዐፄ ቴዎድሮስ ይመጣሉ። የለንደን የምድር ባቡር ሊከፈት ጥቂት ወራት ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. በ1862 ማብቂያ ላይ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ደብዳቤው መልስ ሳያገኝ ቀረ፤ ከዚያ እስረኛው፣ ከእስረኛው ዘመቻው፣ ከዘመቻው መቅደላ መጣ። መልስ ማስቀረት የወልድያ ረዳቶች የጀመሩት የሚመስለው ሰው ካለ ታሪክ ያንብብ።

እንግሊዞች ደግሞ ልብ የሚነካ ነገር አላቸው፤ እሱን ብደብቅ ያዳላሁ ይሆናል። በጣቢያዎቹ ላይ በባቡሩና በመድረኩ መካከል ያለውን ክፍተት ተጠንቀቁ የሚል ድምፅ አለ። ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ኦስዋልድ ሎረንስ የሚባል ተዋናይ የቀዳው ነበር። ዘመናዊ ድምፅ እየተተካ ሄዶ መጨረሻ ላይ የእሱ በኤምባንክመንት ጣቢያ፣ በኖርዘርን መስመር ላይ ብቻ ቀረ። ሰውየው በ2007 ዐረፈ። ባለቤቱ ሐኪም ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ባላቸው ሲናፍቃቸው ኤምባንክመንት ይወርዱና አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ባቡር ያሳልፋሉ፤ ድምፁን ለመስማት። በ2012 ማብቂያ አንድ ቀን ቢወርዱ የሌላ ሰው ድምፅ ሆኗል። ሄደው ጠየቁ። የትራንስፖርቱ ሰዎች ቅጂውን በሲዲ ሰጧቸው፤ ይህ ብቻ አይደለም፤ በ2013 የሟቹን ድምፅ ወደዚያች ጣቢያ መለሱት። ዛሬም እዚያ «ተጠንቀቁ» እያለ ነው።

እኔም ሄጄ ሰማሁት። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ቆጣ ይላል። የወልድያውን ልጅ «ዝቅ በሉ!» አስታወሰኝ። እንግሊዞች ረዳታቸውን የሚወዱት ከሞተ በኋላ መሆኑ ብቻ ነው የከፋኝ።

ለነገሩ ወያላ መሆን እዚህ አገር በትግል የተገኘ ሥራ ነበር። ለንደን ከ1956 ጀምሮ ሰው አጥታ ከባርባዶስ ድረስ ወያላና የባቡር ሠራተኛ ስታስመጣ፣ ብሪስቶል ከተማ ግን የአውቶቡስ ኩባንያው ጥቁርና እስያዊን አልቀጥርም አለ። በ1963 የከተማው ጥቁሮች በፖል ስቲቨንሰን መሪነት አውቶቡሱን ላለመሳፈር አደሙ። አራት ወር ፈጀ። ኩባንያው የተሸነፈው ኦገስት 28 ቀን 1963 ነው፤ ማርቲን ሉተር ኪንግ ዋሽንግተን ላይ ንግግር ባደረገበት በዚያው ዕለት። በሚቀጥለው ወር ራግቢር ሲንግ የሚባል ሲክ፣ ጥምጣሙን እንደጠመጠመ፣ የብሪስቶል የመጀመሪያው ነጭ ያልሆነ ወያላ ሆነ። እኛ አገር «ተምረህ ወያላ ልትሆን ነው?» ተብሎ የሚሰደበውን ሥራ ለማግኘት ሰው አራት ወር በእግሩ ሄዷል።

ያንን ሁሉ ታግለው ያገኙትን ነው 2005 ላይ የጣሉት። ቆይተው ቆጫቸው። በ2012፣ ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ቦሪስ ጆንሰን ከንቲባ ሳለ፣ ከኋላ ክፍት የሆነ አዲስ ባለፎቅ አውቶቡስ ተሠርቶ ወያላውም አብሮ ተመለሰ። ግን ምን ዓይነት ወያላ? ሒሳብ የማይቀበል! ከኋላ ቆሞ ሰው እንዳይወድቅ የሚያይ ብቻ። በ2014 አውቶቡሶቹ ጭራሽ ጥሬ ገንዘብ መቀበል አቆሙ፤ ሁሉም ካርዱን ‹ቢፕ› አድርጎ ይገባል። በ2016 ደግሞ ወጪው በዛ ተባለና ያንን ባለ ግማሽ ሥልጣን ወያላ መልሰው አወረዱት፤ የኋላውም በር ተዘጋ። ሒሳብ ያልያዘ ወያላ ማን ይሰማዋል? እማማን ወደ መስኮት የሚያሳልፋቸው ሥልጣን ከጣቶቹ መሐል ካለው ብር ነው የሚመጣው።

አገር ቤትም ነገሩ ሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ወያላ አልነበረውም። ትኬቱ ያኔ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት ብር ነበር፤ ማነው ጠጋ በሉ የሚለው? ተሳፍሬበት አይቼዋለሁ፤ ተሳፋሪው ራሱ ወያላ ሆነ። «ወደ ውስጥ ግቡ እንጂ፣ እኛም ሥራ አለን!» ትላለች አንዷ፤ «ወራጅ አለ፣ አሳልፉት!» ይላል ሌላው፤ አንድ አባት «ኧረ ልጄን አትግፏት!» ይላሉ፤ ጆሮ አይሰማም። ሕዝቡ የለመደውን ሰው አጥቶ ሥራውን ተከፋፍሎት ነበር። ለንደን ያቃተው ይህ ነው።

አሁን ደግሞ ቴሌብር አለ፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ስንቱ ነገር በስልክ ሆኗል። መልካም ነው፣ የዝርዝር ጭቅጭቅ ይቀርልናል። ነገር ግን «ብሩን ስልክ ከተቀበለ ረዳቱ ምን ይሠራል?» የሚል ብልህ ሰው መነሣቱ አይቀርም። እዚህም የጀመረው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ሒሳቡን ለሹፌሩ ሰጡት፣ ቀጥሎ ሰውየውን አሰናበቱት፣ ከዚያ ባጅ ማተም ጀመሩ።

ስለዚህ የወልድያና የሙጃ መስመር ማኅበራት ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ የሚደርሳችሁ ከሆነ አንድ ልመና አለኝ። ትርፍ ጫኙን ቅጡት፤ በዓል እየጠበቀ ታሪፍ የሚያንሩትንም አትማሩ። ረዳቱን ግን አታውርዱት። ይልቅስ ደመወዝ ቁረጡለት፣ ደንብ ልብስ ስጡት፣ ቢቻል የሕክምና ወጪውን ሸፍኑለት፤ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተንጠልጥሎ በብርድ የሚውል ሰው ነው። ተሳፋሪ ወገኖቼም፣ በሩ ላይ አትከመሩ፤ ወደ ውስጥ ገባ ገባ በሉ፣ ሒሳባችሁንም አዘጋጁ።